በጎማ ላይ ያለው ቤትና ስውሩ ጠብታ

በአሜሪካ አገር ቤታቸውን ሸጠው በካራቫን የሚኖሩ ጡረተኞች አሉ፤ አልጋውም ምድጃውም መታጠቢያውም በጎማ ላይ ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የቧንቧው መጋጠሚያ ይላላል፤ በብርድ ወራትም በውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ይሰነጥቀዋል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩት በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ግራጫ የፖሊቡቲሊን ቧንቧማ ገና ከጥንቱ የሚያስጠረጥር ነው። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ ጠብታው ተደብቆ ይከርምና አንድ ቀን እግር ሲረግጠው ይሰረጉዳል፤ ያን ጊዜ ጥገናው የቧንቧ ሳይሆን የቤት ይሆናል።

ፍለጋው የሚጀመረው በጆሮ ነው። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የውሃው ፓምፕ በየጊዜው ለአፍታ አጉረምርሞ ዝም የሚል ከሆነ ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ እየሾለከ ነው። (የፓምፑ ቫልቭ አርጅቶ ውሃው ወደ ታንከሩ ሲመለስም እንዲሁ ያደርጋልና፣ ወለሉ ደረቅ ከሆነ አስቀድሞ እርሱን መመርመር ነው።) ፓምፑ ዝም ብሎ ርጥበቱ የሚታየው ሰው ከታጠበ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋተኛው የእጣቢው መውረጃ ነው።

ዓይን ያታልላል፤ ውሃ ተንሸራቶ ከሾለከበት ርቆ ይታያልና። ስለዚህ ወለሉን ከመቅደድ በፊት እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ይልቁንም ከመጸዳጃው ኋላና ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን፣ በደረቅ ሶፍት መዳበስ ይሻላል። ሶፍቱ የረጠበበትን በመፍቻ በኃይል የሚያጠብቁ አሉ፤ የፕላስቲክ ጥርስ ግን ይህን አይችልም። በእጅ አጥብቆ ጥቂት መጨመር ይበቃል፤ ካላቆመ ጎሚኒው ይለወጥ።