የቁማር ገንዘብ ምጽዋት ይሆናልን?

 ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ውድ የጅግጅጋ፣ የቀብሪበያህ፣ የአውበሬና የቶጎ ውጫሌ አድማጮቻችን! የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተሉ ልጆቻችን የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ቁማር ሐራም ከሆነ የብራይተኑ ቶኒ ብሉም በቁማር ከብሮ ከተማውን እንዴት ሊጠቅም ቻለ? ይላሉ። ጥያቄውን በቁጣ ማለፍ አይገባም።

ነገሩ እውነት ነው። ብሉም የብራይተን ተወላጅ ሲሆን የከበረው በፖከር የካርታ ጨዋታና በስፖርት ውርርድ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ1997 ሜዳውን አጥቶ ለዓመታት በሰው ሜዳ ተንከራቷል። ብሉም በ2009 የክለቡን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ፤ ለአዲሱ ስታዲየምም 93 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ስታዲየሙ በ2011 ተከፈተ፤ ክለቡ በ2017 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የክለቡ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ለአካባቢው ወጣቶችና አካል ጉዳተኞች ይሠራል።

ይህ ግን አዲስ ነገር አይደለም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ግመል አርደው፣ የቀስት እንጨቶችን እንደ ዕጣ እያወጡ በሥጋው ይቋመሩ ነበር። ዕጣው ባዶ የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል፤ ያሸነፈው ሥጋውን ለድሆች አድሎ ይኮራበታል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 219ኛው አንቀጽ በቁማር ለሰዎች ጥቅም እንዳለ ገልጾ፣ ኃጢአቱ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ነገረን። በሱረቱል ማኢዳ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ደግሞ እንድንርቀው አዘዘን፤ በመካከላችን ጠላትነትን እንደሚያመጣ፣ ከሰላትም እንደሚያዘናጋ አስተማረን። ድሃ የበላበት ቁማር እንኳ አልተፈቀደም።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ሁለት ወጣቶች እኩል አቅም ባላቸው ሁለት ቡድኖች ላይ 100፣ 100 ብር አስያዙ እንበል። አወራራጁ 200 ብር ሰብስቦ ለአሸናፊው 190 ብር ይከፍላል፤ 10 ብር ለራሱ ያስቀራል። አሸናፊው ያተረፈው 90 ብር ከወንድሙ ኪስ የወጣ ነው። በመካከሉ አንድ ቁና ማሽላ አልተመረተም። ብሉም የሒሳብ ባለሙያዎችን ቀጥሮ አሸነፈ፤ የእናቱን የሱቅ ገንዘብ በስልኩ የሚያስይዝ ልጅ ግን ዘወትር ከከሳሪዎቹ ወገን ነው።

በቁማር ባገኘሁት ለሰፈር ቡድን ማሊያ ልግዛ የሚል ወንድም ቢመጣስ? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ጥሩ እንደሆነና ጥሩን ብቻ እንደሚቀበል አስተምረዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ተውበት ያድርግ። የገንዘቡ ባለቤት ከታወቀ ይመልስለት፤ ካልታወቀ፣ ብዙዎቹ ዓሊሞች እንዳሉት፣ የምጽዋት አጅር ሳያስብ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም አውጥቶ ይገላገለው።

የሰፈር ውድድራችንንም እንመልከት። ቡድኖች ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው ሁሉንም የሚወስድ ከሆነ እርሱም ቁማር ነው። ከጨዋታው ውጭ ያለ ነጋዴ ከሐላል ሀብቱ ቢሸልም ግን በርካታ የዘመናችን ዓሊሞች ፈቅደዋል። ክለብ መርዳት የሚሻ ሰው በዚህ መንገድ ይርዳ።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።