የቴክሳስ 80 በመቶ

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የቤት ገበያ ሲናድ በትሩ በሁሉም ክፍለ ግዛት ላይ እኩል አላረፈም። ላስ ቬጋስ ውስጥ የቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ፣ ብዙ ባለቤት ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በለጠበት። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ዳላስና ሂውስተን ግን ዋጋው ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። የአገሪቱ ሥራ አጥነት በ2009 መገባደጃ 10 በመቶ ሲደርስ፣ ቴክሳስ 8 በመቶ አካባቢ ቆመች።

«ነዳጅ ስላላት ነዋ!» ይባላል። ነዳጁ ድርሻ ነበረው። ግን በ1980ዎቹ ቴክሳስን ያሰመጣት ይኸው ነዳጅ ነው፤ ዋጋው ሲወድቅ ከ10ሩ ታላላቅ የባንክ ኩባንያዎቿ 9ኙ በራሳቸው መቆም አቅቷቸው ነበር። መሬት መርከሱና ግንባታ መፍጠኑም ረድቷል፦ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ከመናር ይልቅ ቤት ይጨመራል።

እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ብዙ ያልተወራለትን የብድር ሕግ ነው። ቴክሳስ የመኖሪያ ቤትን አስይዞ ለሌላ ጉዳይ ጥሬ ገንዘብ መበደርን ለረጅም ዘመን ከልክላ ኖራለች። በ1997 በሕዝብ ድምፅ ስትፈቅድም ገደቡን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገባችው፦ በቤቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ዕዳ ከዋጋው 80 በመቶ አይበልጥም፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይበደሩም፤ ከማመልከቻው በኋላም 12 ቀን ይጠበቃል።

በቁጥር እንየው። ቤቱ 200 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ 130 ሺህ ዕዳ አለበት። ባለቤቱ ቴክሳስ ውስጥ መጨመር የሚችለው 30 ሺህ ብቻ ነው። አበዳሪው እስከ ሙሉው ዋጋ በሚሰጥበት ሌላ ቦታ ግን 70 ሺህ ይወስዳል። ዋጋው በ10 በመቶ ወርዶ 180 ሺህ ቢሆን፣ የቴክሳሱ ቤቱን ሸጦ ዕዳውን ከፍሎ ከወጪ በፊት 20 ሺህ ይተርፈዋል። ሌላው ቢሸጥም 20 ሺህ ይጎድለዋል፤ ሥራ ካጣ ደግሞ ሐራጁ ደጁ ላይ ነው።

ሕጉ ዋጋ አስከፍሏል። በቤቱ ዋስትና ንግድ ሊጀምር ያሰበ ሰው የልቡን ያህል አላገኘም፤ አበዳሪዎችም ለዓመታት ሲነተርኩ ቆዩ። በ2017 ሕጉ በድጋሚ ድምፅ ተሰጥቶበት በርከት ያሉ ነጥቦቹ ሲላሉ፣ 80 በመቶው ግን ሳይነካ አለፈ።