አሮጌ ሞዴል ባቡርን በብረቱ ማወቅ

የአሮጌ ሞዴል ባቡር ማንነት የሚታወቀው በቀለሙ ሳይሆን በብረቱ ነው። ቀለም ይታደሳል፣ ጽሑፍም በላዩ ይጨመራል፤ የመንኮራኩሮቹ ርቀት ግን ሎኮሞቲቩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆያል። ስለዚህ አዋቂ ሰብሳቢ ካሊፐር ወይም ማስመሪያ ይዞ ከሃዲዱ ስፋት ይጀምራል።

በብዛት የሚገኘው ልክ ኤች ኦ የሚባለው ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል። ሃዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ይህም 1,435 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋው መደበኛ ሃዲድ ይመጥናል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ መስመር እንዲህ ዓይነት ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሮጌው መስመር ግን አንድ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ስለነበር 1,000ን ለ87 ስናካፍል 11.5 ይመጣል። የዚህ ባቡር ሞዴል የሚሄደው ኤች ኦ ኤም በተባለው 12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ላይ ነው። በሰፊው ሃዲድ ላይ የቆመ «የድሮው የጅቡቲ ባቡር» ቢያምርም ልኩ ስህተት ነው።

የአሮጌው መስመር ፈቃድ በ1894 ተሰጠ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ወደ ምዕራብ ግን አልቀጠለም፤ ነቀምቴ ያለ ሰው ባቡር ለማየት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለገሃር ጣቢያ መድረስ ነበረበት። 

በአሮጌው መስመር ላይ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የፊያት ሊቶሪና፣ በኋላም የፈረንሳዩ አልስቶም የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሠርተዋል። ዘመናቸውን ለመለየት ሁለት ምልክት አለ፤ ሁለቱ ግን አንድ ነገር አይናገሩም። ሲ.ኤፍ.ኢ. የሚለው ጽሑፍ የኢትዮ-ፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1981፣ ኩባንያው ኢትዮ-ጅቡቲ ሲሆን ጽሑፉ ሲ.ዲ.ኢ. ሆነ። ይህ ግን የሚናገረው ፉርጎው መቼ እንደተቀባ ብቻ ነው። መቼ እንደተሠራ የሚናገረው የፋብሪካው ታርጋ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ፉርጎ አዲስ ፊደል ለብሶ ሊገኝ ይችላል።

ለአሻንጉሊቱም ደንቡ ያው ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን በ1935 ትንሹን የጠረጴዛ ባቡር ሲያወጣ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በመካከል በተዘረጋ ሦስተኛ ሃዲድ ነበር፤ በ1950ዎቹ ይህ ሃዲድ በትናንሽ ነጥቦች ተተካ። እንግሊዛዊው ሆርንቢ በ1920 የጀመረው በሚጠመዘዝ ሞላ ነበር። የአሜሪካው ሊዮኔል ደግሞ ከ1945 ጀምሮ እንደ እውነተኛው ባቡር የሚቆላለፍ ማያያዣ ስላመጣ፣ ማያያዣውን ብቻ አይቶ ዕቃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወይም በኋላ የተሠራ መሆኑን መገመት ይቻላል። ማያያዣ ግን ይቀየራል፤ ስለዚህ ብቻውን አያሳምንም።

ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ አንዳንድ የዚንክ ቅልቅል ሎኮሞቲቮች ክፉ በሽታ አላቸው። ዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ ከገባ ብረቱ ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም፤ እርጥበት ያባብሰዋል። ክረምቱ በሚረዝምበት እንደ ወለጋ ባለ አገር ደረቅ ማስቀመጫ የግድ ነው፤ የቆርቆሮ አሻንጉሊቶችንም ዝገት ይቀንሳል።

ዳግመኛ የተቀባውን ለመለየት ዕቃውን ገልብጦ ማየት ይበቃል። ካቻቪቴ ያረፈበት ብሎን አናቱ ይፋቃል። አዲስ ቀለም ብሎኑ ጥግ ላይ ይረጋል፣ የተቀረጸውንም ፊደል ይሞላል። ሰብሳቢዎች የተፋቀ የመጀመሪያ ቀለምን ከሚያብረቀርቅ እድሳት ያስበልጣሉ፤ ዋጋውም ይህን ይከተላል። ሳጥኑም ቢገኝ ዋጋ ይጨምራል፤ ሆኖም ቁጥሩ ከዕቃው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት፤ ከሌላ ዕቃ የተወሰደ ሳጥን ገበያ ላይ ብርቅ አይደለም።