ሞተር «ቢጊን» አይልም

በኦሃዮ፣ ከኮለምበስ ከተማ በስተሰሜን፣ በሉዊስ ሴንተር፣ በጥር ብርድ ማለዳ መኪናው አልነሳ ያለው ሀበሻ ለጎረቤቱ ምን ብሎ ይንገረው? መዝገበ ቃላት ለ«ጀመረ» ሁለቱንም ይሰጠዋል፦ «ስታርት» እና «ቢጊን»። ሁለተኛውን ቢመርጥ ጎረቤቱ ይረዳው ይሆናል እንጂ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ሞተርን «ቢጊን» አይለውም።

ምክንያቱ የቃሉ ሥር ነው። «ስታርት» በጥንት ዘመን መዝለል፣ ድንገት መፈናጠር ማለት ነበር። ማስደንገጥ የሚል ፍቺ ያለው «ስታርትል» የዚያው ሥር ወንድም ነው። መጀመር የሚለው ፍቺ የመጣው ዘግይቶ ቢሆንም ዝላዩ ከቃሉ አልወጣም። ስለዚህ ሞተር፣ እሳትና ጠብ «ስታርት» ይደረጋሉ፤ ለመንገድ መውጣትም እንዲሁ። አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። ሞተር እናስነሳለን፣ እሳት ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ ለመንገድ እንነሳለን። በአራቱም ቦታ ያለው ግስ አንድ ነው! ይህ መገጣጠም ለተማሪ ትልቅ ስንቅ ነው፤ «ጀመረ» የማይመቸው፣ «ተነሳ» የሚመቸው ቦታ ብዙውን ጊዜ የ«ስታርት» ቦታ ነው። ትምህርት፣ ወሬ ወይም ዝናብ ሲሆን ግን ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ያስኬዳሉ፤ «ቢጊን» ብቻ ረጋ ይላል።

እንግሊዝኛ ለመጀመር ሦስተኛ ቃልም አለው፦ «ኮሜንስ»። ይህ ቃል እንግሊዝ አገር የገባው ኖርማኖች በ1066 ድል ካደረጉ በኋላ በተስፋፋው ፈረንሳይኛ በኩል ነው። ዛሬም የሥነ ሥርዓትና የችሎት ቃል ነው። በኦሃዮ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 3 መሠረት ክስ «ኮሜንስ» ተደረገ የሚባለው አቤቱታው ለፍርድ ቤት ገብቶ በ1 ዓመት ውስጥ ለተከሳሹ ሲደርስ ነው። እኛም ክስ እንመሠርታለን እንጂ «ጀመርን» አንልም። የዩኒቨርሲቲ ምረቃን አሜሪካውያን «ኮሜንስመንት» ይሉታል፤ ለተመራቂው የሚታየው መጨረሻው ሳይሆን መጀመሪያው ስለሆነ ነው።

አማርኛም በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ሸማኔ ይወጥናል፣ ጠላ ጠማቂ ትጠነስሳለች፣ አዲስ ምጣድ ይሟሻል። እያንዳንዱ ጅምር የራሱን እጅና የራሱን ሙያ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በሌላው ቢተካ ሸማኔውም ጠማቂዋም ይታዘቡናል።

ስለዚህ በሉዊስ ሴንተር አካባቢ በኦለንታንጂ ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅዎ የ«ስታርት»ን ፍቺ ሲጠይቅዎ «ጀመረ» ብለው አይለፉት፤ «ተነሳ»ንም ይንገሩት።