የታዋቂ ሰው ቤት ሲሸጥ

አዳማ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጡ ደላሎች አንድ ቪላ ሲያስጎበኙ ከመሠረቱ አይጀምሩም፤ ከባለቤቱ ስም ይጀምራሉ። ባለቤቱ ዘፋኝ ወይም ሯጭ ከሆነማ ስሙ እንደ አንድ ክፍል ይቈጠራል። አንድ ዘመዳችን እንዲህ ያለውን ቤት ሊገዛ አስቦ ስለ ነበር፣ ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆነን ተከትለነው ገባን። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢን ማስደንገጥ ይሆናል። ደላላው «የቅንጦት አሠራር» እያለ የሚያሞግሰው ነገር ከምን እንደ ተሠራና ከየት እንደ መጣ ግን መመርመር የሚገባው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የቤቱ ሀብት ሁሉ የፈሰሰው በሳሎኑ ላይ ነው። ጣሪያው በጂፕሰም ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ፣ በየደረጃው ሥር ብርሃኑ እንጂ አምፖሉ የማይታይ መብራት ተደብቋል። ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ ነው። በአንድ ወገን እግራቸው የተጠማዘዘ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀቡ ወንበሮች፤ በሌላው ወገን ከወለሉ ብዙም ከፍ የማይል የዓረብ መጅሊስ ከነትራሱ። መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ከባድ የከፋይ መጋረጃ ሸፍኖታል። የፈረንጅ ቤተ መንግሥትና የባሕረ ሰላጤው እንግዳ ማረፊያ በአንድ ጣሪያ ሥር ተፋጠዋል ማለት ነው። ይህን «የእኛ አይደለም» ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሳሎን የሚለው ቃል ራሱ የፈረንጅ ስለ ሆነ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነቃፊ ብዙ አይርቅም።

የመጅሊሱ አመጣጥ ግልጽ ነው፤ ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ ከሄዱ ሰዎችና ከዚያ ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር ገብቷል። ወርቅማው ወንበር ግን ቤተ መንግሥትን ለመምሰል የሚደረግ ጥረት ነው። እንግዲህ እውነተኛውን ለማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ ይሂድ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1927 ዓ.ም. ሀገራችንን የጎበኙትን የስዊድን አልጋ ወራሽ ለመቀበል በጥድፊያ የተሠራ ነው፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ኋላ ሙዚየም ሆኗል። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤቶች ከነመታጠቢያቸው ተጠብቀው ቈይተዋል። የአዳማውን ሳሎን አይቶ ወደዚያ የሚገባ ሰው «ይኸው ብቻ ነው?» ሳይል አይቀርም። ተመልካቹን አስቁሞ የሚያስተክዘው አልጋው ሳይሆን በመስተዋቱ ላይ የቀረው የጥይት ቀዳዳ ነው፤ ይኸውም የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያተረፈው ምልክት ነው። ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት የተገደሉት በዚያው ሕንፃ «አረንጓዴው ሳሎን» በሚባለው ክፍል ነበር። የሳሎን ክብር ይህን ያህል ነው።

ስም ከዕቃ ይልቅ እንደሚዘልቅ ግን እኒሁ ንጉሥ ሌላ ምስክር ትተውልናል። በስደት ዘመናቸው እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ «ፌርፊልድ» የተባለ ቤት ገዝተው፣ በገንዘብ ችግር ተይዘው ኖሩ። ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ለከተማይቱ ሰጡ፤ ስሙን ግን ይዘውት መጥተው ቢሾፍቱ ላሠሩት ቪላ አወጡለት። ወንበርና ምንጣፍ እንዲህ አይጓዝም።

አሁን ወደ ገዢው እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ በሕግ ፊት ዘመዳችን ሊገዛ የሚችለው በመሬቱ ላይ ያለውን ግንብ ነው። የዋጋው ትልቁ ድርሻ ግን በቦታው እንደሆነ ደላላውም ሻጩም ያውቃሉ። ቦታው በስሙ ሊጠራ ስለማይችል ጂፕሰሙና ወርቅማው ወንበር በእርሱ ፈንታ ይመሰገናሉ። እኔ እስከ ገባኝ ድረስ የዚህ ሁሉ ማብለጭለጭ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚያ ቤት ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ሳይመሰገን ቀርቷል። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ነፋሷ ተርባይን ያዞራል፣ አቧራዋም በነፋሷ ልክ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ግን ፑሚስ የተባለውን ቀላል ድንጋይ ሰጥቷታል። በውስጡ አየር የቋጠረ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የተሠራ ብሎኬት ክብደቱ ያነሰ፣ ሙቀትንም በቶሎ የማያሳልፍ ይሆናል። ደላላው ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አልተናገረም። በአንጻሩ ነፋስ የሚገባበትን መስኮት በከፋይ ዘግተው፣ በቬንትሌተር ይታገላሉ።

ቀጥሎ ማዕድ ቤቱን አሳየን። ከሳሎኑ ጋር በግድግዳ ያልተለየ፣ ምድጃው ገና ከነላስቲኩ ያለ ነው። እንጀራ የሚጋገረው፣ ሽንኩርት የሚቁላላው ግን እዚያ አይደለም፤ በጓሮ በኩል ግድግዳው ጢስ የጠገበ ሌላ ማዕድ ቤት አለ። አንደኛው የሚታይ፣ ሁለተኛው የሚሠራበት ነው።

የአክስቴ ልጅ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ደላላው መጅሊሱን ሲያወድስ ትራሱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይህንን እኔ ልንገርህ፤ ጧት ጠርገኸው ከሰዓት በኋላ አቧራው ተመልሶ ይቀመጣል» አለችው። ዘመዳችን ሳቀ። እርሷ አልሳቀችም።

«የሠራተኛዋ ክፍል የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ደላላው ወደ ጓሮው እያመለከተ ቁልፉን ይፈልግ ጀመር። ክፍሉ ከጢሱ ማዕድ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ከነሚስማሩ ይታያል። መስኮቷ የምታየው የአጥሩን ግንብ ነው። የአክስቴ ልጅ መካከል ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ የሁለቱም ጣቶቿ ጫፍ ግድግዳ ነካ።

«ይህ ክፍል ከስንት ተቈጠረ?» አለችው።

«እኅቴ፣ እርሱ እኮ ማስታወቂያው ላይ አለ» አላት፤ «‹ሰርቪስ 2› ይላል።»