ተጨማሪ መረጃ፦ የሊቅ ድካም በምን ይሰፈራል?

ተማሪዎች ሆይ፣ የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዱን ሊቃውንት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ፣ ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ውፍረቱ እስከ 1 ሚሊሜትር የሚደርስ የነርቭ ክር አውጥተው እየመረመሩ፣ ስሌቱንም በእጅ በሚዘወር የሒሳብ መኪና እየቀመሩ፣ የድካማቸውን ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1952 በአምስት ጽሑፎች አሳተሙ፤ በ1963ም ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

አንድ ተመራማሪ የቀደመውን ሊቅ ሥራ በጽሑፉ ውስጥ ምስክር አድርጎ መጥቀሱ «ዋቢ ማድረግ» ይባላል። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የሊቅን ድካም በዋቢ ብዛት ለመስፈር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ልክ መሠረት፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ብቻ ያሉት ሰው ልኩ 10 ነው። እነዚያ የሆጅኪንና የሃክስሊ አምስት ጽሑፎች ግን፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ እነርሱን ዋቢ ማድረጋቸውን ባያቋርጡም፣ በዚህ ልክ ከ5 በላይ አይታሰቡም፤ ይህም የልኩ ታላቅ ጉድለት ይመስለናል። እናንተም 9፣ 6፣ 4፣ 4 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች ያሉትን ተመራማሪ ልክ አስሉ።