ማረሻ ብቻውን አያርስም፦ ስለ አንጎል ረዳት ሕዋሳት

መሬቱን የሚገምሰው ማረሻ ነው። ታዲያ ማረሻ ብቻውን ያርሳል? አያርስም። ዕርፍ ይመራዋል። ድግር አፈሩን ወደ ጎን ይገፋለታል። ሞፈርና ቀንበር ከበሬዎቹ ጋር ያገናኙታል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የዕለቱ እርሻ ይቀራል። የሰው አንጎልም እንደዚሁ ነው። አንጎል የሚሠራው በረዳት ነው። ዛሬ ስለ እነዚህ ረዳቶች እንነግራችኋለን።

አንጎል ከምን ተሠራ?

የአንድ አዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነው። ግድግዳ ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ፣ አንጎልም በዓይን ከማይታዩ ብዙ ሕዋሳት ተሠርቷል።

ከእነዚህ ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚሆኑት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። አንድ ቢሊዮን ማለት አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው። የምናየውን፣ የምንሰማውንና የምናስበውን መልእክት የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። ከጎናቸው ደግሞ በቁጥር ከእነሱ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ረዳት ሕዋሳት ይባላሉ።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም «የነርቭ ሙጫ» የሚል ስም አወጣላቸው። ከማጣበቅ ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስልም ነበር። በኋላ ግን ብዙ ሥራ እንዳላቸው ታወቀ።

ረዳቶቹ ምን ይሠራሉ?

አንደኞቹ ኮከብ ይመስላሉ። በአንድ እጃቸው የደም ሥርን፣ በሌላው የነርቭ ሕዋስን ይይዛሉ። ከደም ምግብ ተቀብለው ለነርቭ ሕዋስ ያቀብላሉ። መልእክት ካለፈ በኋላ የቀረውን ትርፍ ነገርም ያነሳሉ።

ሁለተኞቹ ጠባቂዎች ናቸው። በአንጎል ውስጥ እየዞሩ ይቃኛሉ። የገባ ተሕዋስ ወይም የሞተ ሕዋስ ሲያገኙ ይበሉታል።

ሦስተኞቹ አልባሾች ናቸው። የራዲዮ ሽቦ ላዩ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አይታችሁ የለ? እነዚህም የነርቭን ክር በስብ ይጠቀልሉታል። ልባስ በሌለው ቀጭን ነርቭ ላይ መልእክት በአንድ ሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ልባስ ባላቸው ፈጣን ነርቮች ላይ ግን 100 ሜትር ያህል ይሮጣል።

ልባሱ ሲጎዳስ? መልእክቱ ይዘገያል፤ ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው በሽታ ይህን ልባስ ያበላሻል። የታመመው ሰው ዓይኑ ይደበዝዛል፤ እግሩ ይከዳዋል። የተጎዳው ረዳቱ ነው፤ የቆመው ግን ዋናው ሥራ ነው።

ካደጉ በኋላ መማርስ?

ሕፃን ሲወለድ አብዛኛው የአንጎሉ ነርቭ ገና አልለበሰም። ልባሱ የሚሠራው ቀስ በቀስ ነው። ሕፃን እንደ ጥጃ በተወለደበት ቀን የማይቆምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የማልበሱ ሥራ በልጅነት ይፈጥናል እንጂ በልጅነት አያበቃም።

«አሁን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ይገባኛል?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የታተመ አንድ ጥናት መልስ ይሰጠዋል። በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ አገር፣ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱ ተዋጊዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው። ተመራማሪዎች አንጎላቸውን በመሣሪያ አንስተው ገና ማንበብ ካልተማሩ ጓደኞቻቸው ጋር አነጻጸሩ። የአንጎልን ቀኝና ግራ በሚያገናኘው ድልድይ ላይ፣ ነጩ የአንጎል ክፍል በተማሩት ላይ በልጦ ተገኘ። ነጭ የሚያደርገው ያው የስብ ልባስ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ቢያስቸግር አትደንግጡ። አንጎላችሁ መንገድ እየጠረገ ነው። በየቀኑ ጥቂት አንብቡ። ይህንንም ወረቀት ከጨረሳችሁ በኋላ፣ «እኔ እንኳ አልፎብኛል» ለሚል ጎረቤታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።